የማይነበብ ፊት

ቅዳሜ ጠዋት ሰብለ ወንጌል ከእንቅልፏ ስትነቃ ባሏ ሀዲስ ቧንቧ እየጠገነ ነበር። ቧንቧው መንጠባጠብ የጀመረው በመስከረም ነው፤ አሁን ታኅሣሥ ተጋምሷል። የጎደለው አንድ ጎሚኒ፣ የቧንቧ ጎማ ብቻ ነበር፣ ሃያ ብር እንኳ የማይሞላ፣ እሱም ከተገዛ ሁለት ወር አልፎት መሳቢያ ውስጥ ከአሮጌ ቁልፎች ጋር ተኝቷል። በዚህ ቧንቧ ምክንያት ባልና ሚስቱ ስንት ቀን እንደተኮራረፉ እነሱው ያውቃሉ። ዛሬ ግን ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሰውየው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ተንበርክኮ ይታገላል። ያን ሲጨርስ ሲጮህ የከረመውን የበር ማጠፊያ ዘይት ቀባው። ከዚያ ከአልጋው ሥር የሚስቱን ጥቁር ጫማ ጎትቶ አወጣና ቀለም ይቀባው ጀመር። ሰብለ ወንጌል ይህን ጫማ እግሯ ካበጠ ወዲህ አድርጋው አታውቅም። በጎኗ ተኝታ፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አሳርፋ፣ ብሩሹ ሲመላለስ አየችው።

«ምነው ዛሬ?» አለችው።

«እንዲሁ ነው፤ እጄ ሥራ ሲፈታ ጊዜ» አላት። ድምፁ ደህና ነበር። ፊቱም ደህና ነበር። የሀዲስ ፊት ሁልጊዜ ደህና ነው።

ከአንድ ሰዓት በፊት፣ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ስልኩ ሲጠራ ሀዲስ ግቢ ወጥቶ ነበር ያነሣው። የደወሉት የሚስቱ አጎት ጋሽ ሣህሉ ናቸው፣ ወላጆቿ ካሉበት ከሐሙሲት። የሰብለ ወንጌል ታናሽ ወንድም ቴዎ ትናንት አመሻሽ ላይ ከሞተር ብስክሌት ወድቆ ሐኪም ቤት ሳይደርስ ሞቷል። ሃያ አራት ዓመቱ ነበር። እዚያው ሐሙሲት አውቶቡስ መቆሚያው ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ክፍል ስልክ ይጠግናል፤ በየሁለት ሳምንቱ እህቱ ቤት መጥቶ ያድራል፤ ሲመጣ ከሀዲስ ጋር ካርታ ይጫወታል። ጥሩ ካርታ በደረሰው ቁጥር ጆሮው ስለሚቀላ አንድ ቀን እንኳ አሸንፎ አያውቅም፤ በመበላቱም ከሁሉ በላይ የሚስቀው እሱ ራሱ ነበር።

ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው አሉ ጋሽ ሣህሉ። ቀጥለውም «ለሰብሌ ግን አይነገርም» አሉ።

«ጋሽ ሣህሉ፣ ወንድሟ እኮ ነው። ሳትቀብረው?»

«እኔ መቼ አጣሁት፤ አባቷ መሪጌታ ናቸው የቆረጡት። ሁለት ጊዜ አስወርዷታል፣ ይኸ ሦስተኛው ነው፣ ሐኪሙም ከአልጋ አትውረጂ ብሏታል። መሪጌታ ‹ዛሬ አንድ ልጅ እቀብራለሁ፣ ነገ ሌላ አልደግምም› ብለው ተነሥተዋል። ነገ ሲነጋ ከንስሐ አባቷና ከአንዲት ነርስ ጋር መጥተን በወጉ እናረዳታለን። እስከዚያ አንተ ያዛት። ፊትህ የማይነበብ ስለሆነ ነው ላንተ የነገርንህ፤ እንጂማ ለባልም አይነገርም ነበር። እንደ ወትሮህ ሁን። ቅዳሜ አይደል? ካርታህ ቦታ ሂድ። ከቀረህ ትጠረጥራለች።»

ሀዲስ «እሺ» አለ።

ይህን ፊት ያመጣው ከፖከር ነው ይባላል። አዳማ ተወልዶ፣ ዩኒቨርሲቲ ሲማር መኝታ ቤት ውስጥ ፖከር ለምዶ፣ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ኤሌክትሪክ ክፍል ከተቀጠረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። እስከ ዛሬ ሲያሸንፍም ሲበላም ቅንድቡ ሲነሣ ያየ የለም። አለማየታቸውን ደግሞ ይወደዋል። ሰውን የሚያከስረው የካርታ መክፋት አይደለም፣ ካርታ ሲከፋ መብሸቅ ነው ይላል፤ ውሳኔህ ልክ ከሆነ የመጣው ይምጣ፣ በደህና ጭንቅላት የወሰንኸውን በጋለ ጭንቅላት አትንካው ይላል። ለካርታ ጥሩ ነው። ክፋቱ፣ ሰውየው ካርታውን አስቀምጦ ሲመጣ ምክሩን አያስቀምጠውም። ሁለተኛው ጽንስ በአምስት ወሩ ሲወጣ፣ ሰብለ ወንጌል ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፋ ስታለቅስ፣ አጠገቧ ቆሞ «እኛ ያደረግነው ሁሉ ልክ ነበር፤ ዕድል ነው» ብሏታል። ሊያጽናናት ነበር። ሳምንት ሙሉ አላናገረችውም።

ቁርስ ላይ ሰብለ ወንጌል እናቷ ጋ ደወለች። አይነሣም። አባቷ ጋ ደወለች፣ ዝግ ነው። ቴዎ ጋ ደወለች፣ እሱም ዝግ ነው፤ ግን የቴዎ ስልክ የሰው ሲጠግን የራሱን ቻርጅ ማድረግ ስለሚረሳ ሁሌም ዝግ ነው። ሀዲስ ሽሮውን በእንጀራ ጠቅልሎ አጎረሳት። «ቅዳሴ ላይ ይሆናሉ» አላት። እሷ ጉርሻውን አላምጣ እስክትውጥ ድረስ ዓይኗን ከፊቱ አልነቀለችም፤ እሱም ዓይኑን አልሰበረም። ዓይን መስበር የጀማሪ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሰሐን፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ፣ የሐኪሙ የብረት ክኒን።

አራት ሰዓት ላይ ጎረቤታቸው ሸጊቱ አንድ ትሪ ምስር ይዛ መጣችና በረንዳው ደፍ ላይ ተቀምጣ መልቀም ጀመረች። ሀዲስ ቀድሞ በአጥር ላይ ነግሯታል። ሸጊቱ ጥሩ ሴት ናት፣ አፏ ግን ዝም ማለት አያውቅም፤ ዛሬ ሲብስባት ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለ ባጃጅ፣ ሰባታሚት ስለተገዛ ቦታ፣ ስለ ልጇ ትምህርት ቤት ክፍያ ትንፋሽ ሳትወስድ አወራች። ምስሩ አንዲት ጠጠር አልነበረበትም። ሦስቴ ተለቀመ።

ሀዲስ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጃኬቱን ለበሰ።

«ዛሬ ባትሄድስ?» አለችው ሰብለ ወንጌል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ብላው አታውቅም።

«እንደ ወትሮዬ ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት እመጣለሁ» አላት፣ ግንባሯንም ሳማት። በር ላይ ሲደርስ ዘይት የተቀባው ማጠፊያ ምንም ድምፅ አላሰማም። ውጭ ሲወጣ የተሰማውን ልንገራችሁ፦ እፎይታ ነው። ከዚያች ሴት ዓይን በማምለጡ እፎይ አለ፣ በማለቱም አፈረ፣ አፍሮም ባጃጅ ተሳፈረ።

የሚጫወቱት ጣና ዳር ካለ አንድ ዓሣ ቤት ጀርባ፣ መስኮቷ ወደ ሐይቁ ደንገል ሣር በምታይ ክፍል ውስጥ ነው። ጾም ስለሆነ ፊት ለፊት ያለው ቤት ሞልቷል፤ አንድ የዓሣ ጥብስ፣ ካቻምና ሦስት ሰው ያበላ በነበረ ዋጋ፣ አሁን ለአንድ ሰው ጅራቱ ተቆርጦ ይቀርባል። ሁለቱ ባልንጀሮቹ ቀድመውታል። አንዳርጋቸው ኮሌጅ ያስተምራል፤ ሲያሸንፍ ይጮሃል፣ ሲበላም ይጮሃል። ፍሬ ስብሐት መድኃኒት ቤት አለው፤ ካርታውን እንደ ሐኪም ማዘዣ አፍንጫው ሥር አስጠግቶ ነው የሚያነብ። የሚጫወቱት በቢራ ቆርኪ ነው፤ ሂሳቡ ማታ ሲለያዩ ይተሳሰባል፣ ማንንም አያደኸይም። ለሀዲስ ዋናው ብሩ አልነበረም። ዋናው ያ ፊቱ ነበር።

የዚያን ቀን ዕድል የሚባለው ነገር ጥርሱን አግጥጦ መጣበት። ገና በመጀመሪያው ዙር ሁለት ንጉሥ ደረሰው። አንዳርጋቸው የያዘው ሁለት ሰባት ነው፤ የዚያ እጅ የማሸነፍ ዕድሉ ከአምስት አንድ ቢሆን ነው። ሀዲስ ግማሽ ቆርኪውን ገፋ። ጠረጴዛው ላይ የመጨረሻዋ ካርታ ስትገለጥ ሰባት ሆነች፤ ሦስት ሰባት ደግሞ ሁለት ንጉሥን ይበላል። አንዳርጋቸው ጮኸ። ሀዲስ ቆርኪውን ቆጥሮ አስረከበ። በሁለተኛው ፍሬ ስብሐት በአንዲት ተራ ካርታ ቀደመው። በሦስተኛውም እንዲሁ። ልክ ተጫውቷል፣ አንድም ስሕተት የለበትም፣ ግን ይሸነፋል፤ እንደገና ልክ ይጫወታል፣ እንደገና ይሸነፋል። ሌላ ሰው ቢሆን ካርታውን ቀድዶት ነበር። ሀዲስ በወዘ፣ አደለ፣ ጠበቀ። በመስኮቱ በኩል አንዲት ጀልባ ሰዎች ጭና ወደ ገዳማቱ ትሄዳለች፤ ሲያያት ቴዎ አንድ ቀን ከጀልባ ሲወርድ ውኃ ውስጥ ወድቆ፣ ስልኩን ብቻ ወደ ላይ አንሥቶ የሳቀው ትዝ አለው። ፊቱ ምንም አላለም። ያቀረቡለትን ዓሣ ግን አልነካውም።

ስምንት ሰዓት ከአሥር ላይ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ሰብለ ወንጌል ናት። ወጥቶ ቢያነሣ አንዳርጋቸው ነገር ይፈልጋል ብሎ እዚያው አነሣው።

«አክስቴ ጋ ደወልሁ» አለችው። «ከኋላዋ ብዙ የሰው ድምፅ አለ። ምንድን ነው ስላት ኔትወርክ እምቢ አለኝ ብላ ዘጋችብኝ።»

ሀዲስ አልዘገየም፣ አልቸኮለምም። «ሠርግ ቤት ሆና ይሆናላ» አለ።

«ሠርግ።»

«ቅዳሜ አይደል?»

ስልኩ ውስጥ ሸጊቱ ከሩቅ ስታወራ ይሰማል። ከዚያ ውጭ ቤቱ ጸጥ ብሏል፤ ቧንቧው እንኳ አይንጠባጠብም።

«እየበላህ ነው እየተበላህ?» አለችው በመጨረሻ።

«ደህና ነኝ።»

«ትመጣለህ?»

«አሥራ አንድ ሰዓት።»

ስልኩን እሷ አልዘጋችውም። እሱ ዘጋው።

ካርታው ፊት ለፊቱ እንዳለ ሂሳቡን ሠራ። ከዚህ ተነሥቶ በባጃጅ ድልድዩን ተሻግሮ ዓባይ ማዶ ያለው ቤቱ ለመድረስ አሥር ደቂቃ። ቤታቸው የሐሙሲቱ መንገድ ዳር ነው፤ ኮንትራት መኪና ይዞ፣ ከኋላ አስተኝቷት፣ ቀስ ብሎ ቢነዳ እንኳ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ትደርሳለች። ወንድሟን ትቀብራለች። ጮኻ፣ ደረቷን መትታ፣ እናቷ ጉያ ገብታ ታለቅሳለች። ልጁስ? ልጁ ቢወጣስ? መውሰዱንም ማስቀረቱንም እኩል ፈራ። መዳፉን ጠረጴዛው ላይ አሳርፎ ከወንበሩ ከፍ አለ።

«አሃ» አለ አንዳርጋቸው፣ እጁን እያፋተገ። «ዛሬስ በሸቅህ። ፍሬ፣ እየው፣ ሀዲስ ተበልቶ ሊነሣ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅሁት ቀን ነው ይኸ።»

ሀዲስ ተመልሶ ተቀመጠ። በደህና ጭንቅላት የተወሰነውን በጋለ ጭንቅላት አትንካው። ጠዋት የተወሰነው ልክ ነው፤ ካርታው ስለከፋ ልክነቱ አይቀየርም። ጠዋት የወሰነው እሱ እንዳልነበረ፣ ሌሎች ወስነው እሱ እሺ ብቻ እንዳለ፣ ያን ጊዜ አልታየውም። ቆርኪውን ወደፊት ገፋና «አድል» አለ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ከጋሽ ሣህሉ መልእክት ገባ። «ተፈጽሟል። በርታ።» ይላል። ሀዲስ አነበበው፣ ስልኩን ገለበጠው፣ ካርታውን አየ። «እጨምራለሁ» አለ። ያንንም ተበላ፤ አሁንም በመጨረሻዋ ካርታ። አንዳርጋቸው መጮሁን ትቶ ትክ ብሎ አየው። «አንተ ግን ሰው ነህ?» አለው፣ እያደነቀ ነበር። ሀዲስ የመጨረሻዋን ቆርኪ አስረከበ። ከዚያ ወጥቶ ከደንገሉ አጠገብ፣ ማንም በማያየው ቦታ ቆመ። ማልቀስ ፈልጎ ነበር። ፊቱን በእጁ አሸው፣ ጉንጩን ጨመቀው፣ የቴዎን ስም በለሆሳስ ጠራ። ፊቱ እምቢ አለው።

ሲመለስ ድልድዩ አጠገብ አንዲት ትልቅ ፓፓያ ገዛ። የተባለውን ዋጋ ሳይከራከር ከፈለ።

ሸጊቱ አሁንም ደፉ ላይ ናት። ወሬዋ አልቋል፤ ነጠላዋን እስከ አፏ ሳብ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። ሀዲስን ስታይ ቀና አላለችም። ውስጥ ሰብለ ወንጌል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች። ነጠላዋ ታጥፎ ጭኗ ላይ ነው። ያበጡ እግሮቿን ጠዋት የተቀባው ጥቁር ጫማ ውስጥ አስገብታቸዋለች፤ ተረከዟ አልገባ ብሏት ጫማው ከኋላ ተረግጦ ተጨርምቷል።

«ተበላህ» አለችው።

«ትንሽ።» ፓፓያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ከአልጋ አትነሺ አልተባልሽም? ምን ሆነሽ ነው?»

«የተበላኸው ጠዋት ነው» አለችው። ድምፅዋ ደክሟል። «ተበልተህ ስትመጣ የተሰበረ ነገር ትጠግናለህ። ጓደኞችህ አያውቁም፣ እኔ አውቃለሁ። አጥሩን ያደስኸው ተበልተህ ነው፤ መደርደሪያውንም ተበልተህ። ዛሬ ገና ካርታ ሳትነካ ቧንቧ ስትሠራ አየሁህ። ጫማዬን ቀባህልኝ ደግሞ። ጥቁሩን።»

ሀዲስ በሕይወቱ ያላሳየውን ደህና ፊት አሳያት። «ሰብሌ፣ ምን እያልሽ እንደሆነ አልገባኝም» አላት።

«በጾም ሠርግ» አለች። «ለመሪጌታ ልጅ በገና ጾም ሠርግ አለ አልኸኝ። ያን ጊዜ ነው ያለቀልኝ። ተነሥቼ ለበስሁ። ሸጊቱ በር ላይ ተቀምጣ አላሳልፍም አለችኝ፣ ሳልጠይቃት አለቀሰች። ቀብር የሚወጣበት ሰዓት ነው ብዬ እስከ ዘጠኝ ጠበቅሁህ። አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ። ማን እንደሆነ ንገረኝ።»

ሀዲስ ፓፓያውን ከጠረጴዛው አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው።

«ማን እንደሆነ ባለማወቄ ቀኑን ሙሉ ሁሉንም ተራ በተራ ስቀብር ዋልሁ» አለችው። «ጠዋት አባቴን ቀበርሁ። ደረቱን ያመው ነበር፣ እሱ ነው አልሁ። ከምሳ በኋላ እናቴን ቀበርሁ። አክስቴም አጎቴም አልቀሩኝም፣ ለሁሉም አለቀስሁ። ቴዎን ብቻ ነው ያልቀበርሁት። ልጅ ነው፣ እሱ ምን ይሆናል ብዬ ዘለልሁት።»

ያኔ ፊቱ ተነበበ። መጀመሪያ ከንፈሩ ሄደ፣ ቀጥሎ አገጩ፣ ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ ፈረሰ፤ ስሙን መጥራት አላስፈለገውም። ሰብለ ወንጌል ይህን ፊት ለማየት ዓመታት ጠብቃ ነበር። አሁን ስታየው እጇን ዘርግታ ልትከድነው የፈለገች መሰለች።

«ተቀበረ?» አለችው በሹክሹክታ።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ።»

ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። አሥራ አንድ ከሩብ ይላል። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ» አለች፣ ለራሷ እንደምታስረዳ ቀስ ብላ፣ «እኔ ለእናቴ እያለቀስሁ ነበር።»

ከዚያ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ጮኸች። ሸጊቱ ከደፉ ተነሥታ ገባች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፣ ከጠዋት ጀምሮ እንዲያ ነበር የለበሰችው። ሀዲስ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ እያለቀሰ፣ የተጨረመተውን ጫማ ከሚስቱ እግር ለማውለቅ ይታገል ነበር። አልወጣ አለው።